የጓጎለው ሻምፖ

ጣይቱ ሮቤ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ግቢዋ ፈሳሽ ሳሙና ትሠራለች። ከዚያ በፊት ጎባ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች። ጉሮሮዋን ታማ ሐኪሙ «ድምፅሽን ካላሳረፍሽ ጨርሶ ይጠፋል» ስላላት ነው ማስተማሩን የተወችው። ድምፅ ማሳረፍ የሚባለው ነገር ግን አልሆነላትም። ተማሪ ቢያንስ ሲቆጡት ዝም ይላል፤ ሳሙና ገዢ ዝም አይልም። አንዱ አረፋው አነሰ ይላታል፣ ሌላው እጄን አደረቀው ይላል፣ ሦስተኛው ሽታውን ቀይሪልኝ ይላል፤ ስትቀይርለት ደግሞ የድሮው ይሻል ነበር ብሎ ይመለሳል።

አባቷ በጸሐፊነት ተመድበው ከመንዝ የመጡ ሰው ነበሩ። እሷ ግን ጎባ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ስትናደድ ኦሮምኛው ይቀድማታል። ባለቤቷ ቀነኒሳ የሲናና ስንዴ አምራቾች ልጅ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ውስጥ ይሠራል። ቤት ቢቃጠል እንኳ ጫማውን አስሮ የሚወጣ ዓይነት ሰው ነው። ጣይቱ ለጎረቤቶቿ «ቢሳደብ፣ ቢጮህ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔን የሚጨርሰኝ መረጋጋቱ ነው» ትላለች።

ጣጣው የጀመረው ሀይሚ በምትባል ጸጉር ሠሪ ነው። ሀይሚ በዋናው መንገድ ላይ የሴቶች የውበት ሳሎን አላት፤ የጸጉር ማጠቢያ ሳሙናዋንም ከጣይቱ ነበር የምትወስደው። አንድ ቀን ባዶ ጀሪካኗን ይዛ መጣችና ከበሩ ሳትገባ ማማረር ጀመረች።

«እትዬ፣ ውኃው በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ እርስዎም ያውቁታል። አጥቤ፣ አለቅልቄ፣ ኮንዲሽነር ቀብቼ፣ እንደገና ላለቅልቅ ብል በርሜሌ በሁለት ሰው ያልቃል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ይሥሩልኝ። የሚያጥብም የሚያለሰልስም፣ አንዴ ታጥቦ አንዴ የሚለቀለቅ።»

«ሱቅ ውስጥ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«ይመጣል፣ ይጠፋል። ዛሬ ያለው ነገ የለም።»

ጣይቱ ሐሳቡ አልከበዳትም። ሳሙናው እጇ ላይ አለ። ጸጉር የሚያለሰልሰውን ዱቄት ደግሞ ከአዲስ አበባ አስመጣች። ዱቄቱን በውኃ ስትበጠብጠው እንደ ቀጭን የተልባ ውኃ ሆነ፤ ጠራ፣ ተሳበ፣ ደስ አለ። ከዚያ ወፍራሙን ሳሙና ቀስ እያለች ጨመረችበት። ገና ከመጨመሯ ጥርት ያለው ነገር ነጣ፣ ደፈረሰ፤ ትንሽ ቆይቶ ነጭ ነጭ ጉብታ ባልዲው ውስጥ መዞር ጀመረ። በማማሰያው አንሥታ ስታየው እንደ ማስቲካ ይለጠጣል።

«ሻምፖ ልሠራ ተነሥቼ አይብ አወጣሁ» አለች።

በሚቀጥለው ቀን ውኃውን አሙቃ ሞከረች፤ ያው ነው። ቀዝቃዛ አድርጋ፣ እጇ እስኪዝል አማሰለች፤ ይባስ ብሎ ጉብታው ማማሰያው ላይ ተጠመጠመ። ሀይሚ ደግሞ በስልክ «ሲሠሩት ማለስለሻውን አይሰስቱብኝ» ስላለቻት ዱቄቱን አብዝታ ብትሞክር ባልዲው ውስጥ ከፈሳሹ ይልቅ ጉብታው በዛ።

ያናደዳት ነገሩ ምን እንደሆነ ማወቋ ነበር። ሳሙናው ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፤ ማለስለሻው ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ተቃራኒ ቻርጆች ይሳሳባሉ። ይህን ዕድሜዋን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ኖራለች። የማታውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሱቅ ውስጥ ያለው ሻምፖ ሁለቱንም ይዞ እንዴት እንደ መስታወት ጠርቶ ይቀመጣል?

ቀነኒሳ ከሥራ ሲመለስ ባልዲውን ጎንበስ ብሎ አየው።

«ምናልባት ወንፊት ቢያገኝ» አለ።

«ዱቄት አይደለም፣ ቀነኒሳ።»

«የጓጎለ ነገር ሁሉ ይጠለላል፣ ጣይቴ።»

«ገበታህ ላይ ተቀመጥ።»

በመጨረሻ ክብሩ ጋ ደወለች። ክብሩ ጎባ ያስተማረችው ልጅ ነው፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ ያስተምራል። ጎበዝ ነው፤ አንድ ክፉ ዐመል ግን አለበት። የጠየቁትን ነገር አይመልስም፤ ከአዳም ጀምሮ ይነሣል። ያን ቀንም «ቲቸር፣ መጀመሪያ ፖሊመር ስንል ምን ማለታችን ነው?» ሲል ስልኩን ዘጋችበት። ባልዲውን ግቢው ጥግ ላይ አስቀመጠችና ላየው አልፈልግም ብላ ተወችው።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጣይቱ ለቅሶ ለመድረስ ጎባ ሄደች። ሀይሚ የጣይቱ ስልክ አልነሣ ሲላት ቤት ደወለች፤ ቀነኒሳ አነሣ። ሙሽራ መጥታብኛለች፣ ማጠቢያ አልቆብኛል፣ ያ አዲሱ አልደረሰም ወይ ስትለው፣ መልካም ሰው ነውና ባልዲውን አስታወሰ። የቆየ ነጠላ ፈልጎ አጠለለው። ጉብታው ነጠላው ላይ ቀርቶ ፈሳሹ ጥርት ብሎ ወረደ። ትልቅ ነገር እንደ ሠራ ሰው ተደሰተ። በጀሪካን አድርጎ በባጃጅ ላከላት።

ጣይቱ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ነዘረ። ወጣ ብላ አነሣችው። ሀይሚ እያለቀሰች ነበር።

«እትዬ ምን ላኩብኝ? ሙሽራዋ ራስ ላይ ሙጫ ሆነ!»

«እኔ ምንም አልላክሁም!»

«ጋሽ ቀነኒሳ ላኩት!»

ጣይቱ ለቀስተኛው መሀል ሆና መጮህ ስላልቻለች ነጠላዋን ነከሰች። ከዚያ ወደ ሮቤ የሚሄድ ሚኒባስ ፈልጋ ገባች። መንገዱን ሙሉ ለባሏ የምትለውን ስታዘጋጅ መጣች፤ ብዙ ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ሙሽራዋ ናፍቆት ማጠቢያው ፊት አንገቷን አቀርቅራ ተቀምጣለች። ረጅም ጸጉሯ በነጭ ነገር ተያይዞ አምስት ስድስት ወፍራም ገመድ ሆኗል። አንድ ማበጠሪያ መሀሉ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፤ የሚያወጣው ጠፍቷል። ሚዜዎቹ ቢጎዲን እንደ ጠቀለሉ ግድግዳ ይዘው ቆመዋል። የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ዳቢሴ መሀል ወለሉ ላይ ወገባቸውን ይዘዋል።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጣይቱን ሲያዩ። «ሙሽራው ከሰዓት በኋላ ከአጋርፋ ይመጣል። ልጄን በዚህ ራስ ልሰጠው ነው?»

«አዴ፣ ይረጋጉ፣ አስተካክለዋለሁ።»

«በምን? በመቀስ?»

ናፍቆት መቀስ የሚለውን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። ጣይቱ ወደ ሀይሚ ዞረች።

«ምን አደረግሽበት? ንገሪኝ። ሲመጣ ጠርቶ አልነበረም?»

«ጠርቶ ነበር። እኔ እንደ ሁልጊዜው እንዲበረክትልኝ ውኃ ጨመርሁበት እንጂ ምንም አላደረግሁም። ጸጉሯ ላይ ሳፈሰው ነጣ፣ ከዚያ ተያያዘ። ባለቅልቀው ባሰበት።»

ውኃ። ጣይቱ የውኃውን ነገር አልጠበቀችም። ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ስልኳን አውጥታ ክብሩ ጋ ደወለች።

«ቲቸር! እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ደህና ነው? ጋሽ ቀነኒሳ…»

«ሁሉም ደህና ነው፤ ቀነኒሳን ግን ዛሬ እገድለዋለሁ። ስማኝ።» ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

«በጣም ደስ የሚል ጥያቄ ነው» አለ ክብሩ። «ሳሙና ውኃ ውስጥ ለየብቻው አይቆምም። ጅራቱ ውኃ ስለማይወድ ወደ ውስጥ ይሸሸጋል፣ ራሱን ወደ ውጭ ያደርጋል፣ ተሰብስቦ ድቡልቡል ይሆናል። ይህን ሚሴል…»

«ሚሴልን ያስተማርሁህ እኔ ነኝ፣ ክብሩ!»

«አዎ ቲቸር፣ ግን የድቡልቡሉ ገጽ…»

«ሙሽራ ፊቴ ቁጭ ብላለች! እናቷ ሊበሉኝ ነው! ዋናውን ንገረኝ!»

ክብሩ ምራቁን ሲውጥ በስልኩ ተሰማት።

«እሺ። ማለስለሻው ረጅም ክር ነው፣ ላዩ ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሰካበት። ድቡልቡሎቹ ኔጋቲቭ ናቸው። ክሩ እነሱ ላይ ይጠመጠማል፤ አንዱ ክር ብዙ ድቡልቡል አንድ ላይ ያስራል። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ እኩል ሲሆን እርስ በርስ የሚገፋፋ ነገር አይቀርም። ስለዚህ ተጠቅልሎ ከውኃው ይለያል። ሙሽራዋ ራስ ላይ ያለው እሱ ነው። ጀሪካኑ ውስጥ ሳሙናው በዝቶ ስለነበር ነው ጠርቶ የቆየው፤ ልጅቷ በውኃ ስታቀጥነው እኩል ወደሚሆንበት ቦታ ወረደ።»

«እና አሁን ምን ላድርግ?»

«ሳሙና ይጨምሩ።»

«ምን አልህ?»

«ሳሙና። ወፍራሙን፣ ማለስለሻ የሌለበትን፣ በጣም ብዙ። ውኃ አይንካው። ክሩ ሁሉ በሳሙና እስኪሸፈን ድረስ። ያኔ ኔጋቲቩ ይበዛል፣ እንደገና ይገፋፋል፣ ይፈታል።»

«ሳሙናና ማለስለሻ ተያይዘው ይህን ጉድ አመጡብኝ፤ አንተ ሳሙና ጨምሪ ትለኛለህ።»

«ብርጭቆ ላይ ይሞክሩት ቲቸር። ካልሆነ ይስደቡኝ።»

ጣይቱ ከናፍቆት ጸጉር ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር በጥፍሯ ላጠች። በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችው። ሀይሚ ጋ የቀረ ተራ ሳሙና ስላልነበረ ቀነኒሳ ጋ ደውላ «የእቃ ማጠቢያውን ወፍራም ሳሙና አሁኑኑ ይዘህ ና» አለችው። ቀነኒሳ በባጃጅ ከተፍ አለ። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው።

«ይሄ የወለል ነው።»

«ሁለቱም ሳሙና አይደለም?»

«ቀነኒሳ፣ እግዚአብሔር ይይልህ። አረንጓዴው ጀሪካን! አረንጓዴው!»

ሄደ። ወይዘሮ ዳቢሴ ወንበር ላይ ተቀመጡና «ያ ዋቃ!» እያሉ ራሳቸውን ያዙ። ቀነኒሳ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ትክክለኛውን ይዞ መጣ። ጣይቱ ብርጭቆው ውስጥ ወፍራሙን ሳሙና አፍስሳ በማንኪያ ማማሰል ጀመረች። ነጩ ቁራጭ ይዞራል። ምንም አልሆነም። ሁሉም ብርጭቆው ላይ አፈጠጡ።

«በልጄ ራስ ላይ ትምህርት ቤት ከፈታችሁ?» አሉ ወይዘሮ ዳቢሴ።

ጣይቱ ማማሰሏን ቀጠለች። ቀስ በቀስ የቁራጩ ዳር ጠራ፤ ከነጭ ወደ መስታወት መሰለ፣ ተንሸራተተ፣ አነሰ። ከዚያ ማንኪያው ላይ ምንም የሚነካ ነገር ጠፋ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣች። ጥርት ብሏል።

«ሀይሚ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ።»

ወፍራሙን ሳሙና ያለ ውኃ ጸጉሯ ላይ አፍስሰው ከሥር እስከ ጫፍ ማሸት ጀመሩ፤ ጣይቱ በአንድ ወገን፣ ሀይሚ በሌላው። መጀመሪያ የባሰ ያጣበቀ መሰለ። ናፍቆት «አይኔ! አይኔ!» ትላለች፣ እናትየው ፎጣ ይዘው ይሯሯጣሉ። ቆይቶ ገመዶቹ ከጣይቱ ጣቶች ሥር መላላት ጀመሩ። የተሰካው ማበጠሪያ በራሱ ተንሸራትቶ ማጠቢያው ውስጥ ወደቀ። ሚዜዎቹ እልል አሉ።

ሀይሚ ወዲያው የውኃውን ጆግ አነሣች።

«አስቀምጪ!» ጣይቱ እጇን ያዘቻት። «አሁን ውኃ ከነካው ተመልሶ ይጓጉላል። መጀመሪያ በፎጣ እንጥረገው፣ ሌላ ሳሙና እንጨምር፣ እንደገና እንጥረገው። ክሩ ከወጣ በኋላ ነው ውኃ።»

እንዲያ አደረጉ። የሳሎኑ ፎጣ ሁሉ አለቀ፤ ከጎረቤቱ ጫማ ቤት ሳይቀር ጨርቅ ተዋሱ። በርሜሉ ሲያልቅ ቀነኒሳና ባለ ባጃጁ ከጎረቤት ውኃ በጀሪካን ተሸክመው መጡ። በመጨረሻ ውኃው ሲፈስበት ጸጉሩ ጸጉር ሆኖ ወረደ። ከዚያ ሁሉ ሳሙና በኋላ ግን እንደ ገለባ ደርቆ ቆመ። ሀይሚ ዘይት ቀባችው፣ ቢጎዲን ጠቀለለችው፣ ሙሽራዋን የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገባቻት። መብራት እንዳይጠፋ ሁሉም በየእምነቱ ጸለየ። ሙሽራው ከአጋርፋ ሲደርስ ገና አልደረቀም ነበር፤ እሱና ሽማግሌዎቹ ከነወንድ ሚዜዎቹ መኪና ውስጥ ሆነው ጠበቁ። ጥሩምባቸው እስከ ሳሎኑ ድረስ ይሰማል።

ናፍቆት ቬሏን ደፍታ ስትወጣ መስታወት አይታ «ጸጉሬ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም» አለች።

«ዝም በይ» አሉ እናቷ። ጣይቱን ሳይሰናበቱ ወጡ።

ጣይቱ ቤቷ ስትደርስ ለቀነኒሳ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፍቶባት ነበር። ድምፅዋም አልነበረም። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋ ላይ ወደቀች። ቀነኒሳ ሻይ አምጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሳጠልለው ግን ጥርት ብሎ ነበር» አላት። ትራሱን ወረወረችበት።

ክብሩ በሚቀጥለው ሳምንት ግቢዋ ድረስ መጣ። ስትቆጣው ስላፈረ ነው ወይስ ነገሩ ራሱ ስቦት፣ አልተናገረም። እሷም ከሩቅ ከመጀመሩ በፊት ቀደመችው።

«ከመሀል ጀምር። ሁለቱን አብሬ እንዴት አስቀምጣለሁ?»

«ሁለት መንገድ አለ» አለ ክብሩ። «አንደኛው፣ ድቡልቡሎቹ ላይ ያለውን ቻርጅ ማሳሳት ነው። ቻርጅ የሌለው ሳሙና ይጨመርበታል፤ ሁለቱ ሳሙናዎች አንድ ድቡልቡል ውስጥ ተቀላቅለው ይቀመጣሉ፤ የድቡልቡሉ ገጽ ላይ ያለው ኔጋቲቭ ይራራቃል። የሚገርመው ቲቸር፣ ክሩ ትንሽ በትንሽ አይደለም የሚይዘው። ቻርጁ ከአንድ መጠን በታች ከሆነ በአጠገቡ ዝም ብሎ ያልፋል። ያን መጠን ሲያልፍ ድንገት ይጠመጠማል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ጨው። ጨው መሀላቸው ገብቶ አንዱን ከሌላው ይጋርደዋል። ጨው ሲኖር፣ ክሩ እንዲይዝ የበለጠ ቻርጅ ያስፈልገዋል።»

«ጨውማ ሁልጊዜ እጨምራለሁ፤ ለማወፈር።»

«መጨረሻ ላይ ነው የሚጨምሩት። ከጓጎለ በኋላ። ከመነሻው ሳሙናው ውስጥ ይግባ። ደግሞ ሳሙናውን ማለስለሻው ላይ አያፍስሱ፤ ማለስለሻውን ቀስ እያሉ ሳሙናው ላይ ያንጠባጥቡ። በዚያ መንገድ ሳሙናው ሁልጊዜ እንደበዛ ነው፤ እኩል የሚሆኑበትን ቦታ አይረግጡም።»

ጣይቱ ማማሰያዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ስንት ባልዲ የደፋችው ለዚህ ነበር? ቅደም ተከተል ገልብጣ?

«ይህን ያን ቀን በስልክ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ስልኩን ዘጉብኝ እኮ፣ ቲቸር።»

ከዚያ በኋላ የመስኮቷ ደፍ ላይ ብርጭቆ ተደረደረ። ጨዉን ስታበዛ ሳሙናው ራሱ ቀጥኖ ውኃ ሆነ። ስታሳንስ ተመልሶ ነጣ። ቻርጅ የሌለውን ሳሙና ስታበዛ ጠራ፤ አረፋው ግን ሞተ። መብራት ሲጠፋ በሻማ ታያቸዋለች፤ ቀነኒሳ ውኃ ሲጠማው አንዱን ሊጠጣ ሲያነሣ በጩኸት አስጣለችው። ከብዙ ድፊያ በኋላ ከብርጭቆዎቹ አንዱ በማግስቱም፣ በሳምንቱም ጥርት ብሎ ተገኘ።

ክብሩን ጠርታ አሳየችው። ክብሩ ከብርጭቆው ጥቂት ቀዳና ብዙ ውኃ ጨመረበት። ፈሳሹ እንደ ጭጋግ ነጣ። ጣይቱ ተነሥታ ቆመች።

«አበላሸኸው!»

«አላበላሸሁትም። እንዲህ መሆን አለበት። ክሩ ጠርሙስ ውስጥ ድቡልቡሎቹን ሳይዝ ይቆያል፤ ስናለቀልቀው ግን ውኃው ሳሙናውንም ጨዉንም ያቀጥነዋል፤ ክሩ ያኔ ይይዛል፣ ስስ ሆኖ ጸጉሩ ላይ ይቀራል። የሚያለሰልሰው እኮ እሱ ነው። ሙሽራዋ ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር፤ ማለስለሻው ከልክ በላይ ሆኖ እንጂ።»

ጣይቱ ተመልሳ ተቀመጠች። ስታሳድደው፣ ስትረግመው፣ ስትደፋው የከረመችው ነገር ለካ የምትፈልገው ራሱ ነው። ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ይልቁንም ማልቀስ አማራት።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሀይሚ ራስ ላይ ሞከረችው፤ «ከተበላሸ በራስሽ ይበላሽ» ብላ። ሀይሚ ዓይኗን ጨፍና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። ታጠበ፣ አንዴ ተለቀለቀ። ማበጠሪያው ከላይ እስከ ታች ሳይዝ ወረደ። ሀይሚ ማበጠሪያውን ተቀብላ ራሷ ደገመችው፣ ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ፤ ከመስታወቱም አልነሣ አለች። ጣይቱ «ምንም ውኃ እንዳትጨምሪበት፤ ሰማሽ?» እያለች ጠርሙሶቹን አስረከበቻት።

አሁን ሻምፖውን በሮቤ ያሉ ሌሎች ሳሎኖችም ይወስዱታል፤ ከጎባም የሚጠይቁ አሉ። ወይዘሮ ዳቢሴ መንገድ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞሩባት ነበር። ናፍቆት ስትወልድ ጣይቱ ከሀይሚ ጋር አራስ ልትጠይቅ ሄደች፤ ያኔ ወንበር ሰጧት፣ ገንፎም አቀረቡላት። ስለ ሠርጉ ቀን ማንም አላነሣም።

ባለፈው ሳምንት ከጎባ አንዲት ጸጉር ሠሪ ደወለችላት።

«እትዬ ጣይቱ፣ ሻምፖው ጥሩ ነው። ግን ቅቤ የተቀባ ጸጉር ላይ አረፋ እንቢ አለኝ። ምን ጎደለው?»

ጣይቱ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ጣሪያውን አየች። ቀነኒሳ ከጋዜጣው ቀና ብሎ «ቅቤውን ቢያጠልሉት» ሊል አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

«ቅቤው ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?» አለች ጣይቱ በመጨረሻ፣ በዛለ ድምፅ፤ በአንድ እጇም ንጹሕ ብርጭቆ መፈለግ ጀመረች።